አራተኛው እግር

ውድ ጓደኛዬ ታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ትምህርት ቤት ደብዳቤ በዚህ ጀምሩ ይሉን እንደነበር ትዝ ይልሃል? ያኔ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንናፈቀው። አሁን እውነት ሆነ።

አምስት ዓመት የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው። ስሄድ የመቅረጫ መሮ እልክልሃለሁ ብዬ ነበር፤ ገንዘቡንም አጠራቅሜ ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ፣ እዚሁ ጣሊያን፣ ፍሎሬንስ ከተማ፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄድኩ። አንድ የተቀረጸ የዋልነት እንጨት ሳጥን አየሁና መሮህ እዚያው ቀረ። ሻጩ «የ1500ዎቹ ነው» አለኝ። 300 ዩሮ። የዚያን ዘመን ዕቃ በ300 ዩሮ የሚሸጥ እንደሌለ ልጅም ያውቃል። እኔ ግን ሰውዬው ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ተሸክሜ ሮጥኩ።

ብታየው አንተም ትሮጥ ነበር። ትልልቁን ካሶኔ ይሉታል፤ የእኔ ትንሹ ነው። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ይዛ የምትወጣውን ልብስና ጨርቅ ነበር የሚያኖሩበት። በ1400ዎቹ በሥዕልና በወርቅ ቅብ ያስጌጡት ነበር። በ1500ዎቹ ፋሽኑ ተቀየረና ቀረጻ መጣ። ቅርጹን ከየት እንዳመጡት ታውቃለህ? ከጥንት ሮማውያን የእብነ በረድ የሬሳ ሣጥን! ለሰርግ። እኔ ብሆን አልሞክረውም፤ ግን ያምራል። ጎንና ጎኑ ቅጠል፣ መሀሉ ላይ ጋሻ፣ ከሥሩ የአንበሳ እግር ከነጥፍሩ።

ዋልነቱን እዚህ ኖቼ ነው የሚሉት። ዋንዛን አስብና ትንሽ ጠንከር፣ ጠቆር አድርገው። ቃጫው ደቃቅ ስለሆነ መሮ ሲገባበት አይሰነጠቅም። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይወጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚያድስ አንድ ሽማግሌ ጋ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያ ሰጠኝና ምን ጥረግ አለኝ መሰለህ? ሰጋቱራ! ማጣበቂያው ኮላ፣ ካቻቢቴውም ያው ካቻቢቴ፣ ጣውላ የምንለውም ታቮላ ነው። አማርኛ መስሎን ስንጠራው የኖርነው የወርክሾፕ ቃል ሁሉ እዚህ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ኮምፔንሳቶ ስል ግን ፊቱን አጨማደደ። እሱ ቤት ኮምፔንሳቶ አይገባም።

ሳጥኔን ወሰድኩለት። ቅርጹን ዞር ብሎም አላየው፤ በቀጥታ ገለበጠው። ከዚያ ጣቱን ጀርባው ላይ አሳረፈ። እንደ ቦይ የተጋደሙ የነቀዝ መንገዶች ነበሩ። ነቀዝ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ነው የሚበላው፤ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ቦዩ ላይ ላዩን ከታየ፣ እንጨቱ ከተበላ በኋላ ተሰንጥቋል ማለት ነው። እንጨቱ ያረጀ፣ ሳጥኑ ግን አዲስ። አዲስ ስልህ፣ ሽማግሌው እንደገመተው፣ የ1800ዎቹ መጨረሻ።

አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። ከሳጥኑ ጋር ማለቴ ነው።

ኋላ ሳጣራ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ያኔ ፍሎሬንስና ሲዬና የድሮውን አሠራር መልሰው ያመጡ ትልልቅ ቀራጮች ነበሩ። ሉዊጂ ፍሩሊኒ የሚባለው የፍሎሬንስ ሰው (1839–1897) አሜሪካ ኒውፖርት ድረስ ለአንድ ሀብታም ቤት የመመገቢያና የመጻሕፍት ክፍል ቀርጿል። ይሄ በግልጽ የተሠራ ሥራ ነው፤ ማታለል የለበትም። ደግሞ ኤሊያ ቮልፒ የሚባል ነጋዴ በ1904 ፓላዞ ዳቫንዛቲ የተባለውን የ1300ዎቹን ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ ዕቃ ሞላበትና በ1910 ለሕዝብ ከፈተው። በ1916 ዕቃውን ኒው ዮርክ ወስዶ በጨረታ ሸጠው። ከዚያማ የአሜሪካ ሀብታም ሁሉ የፍሎሬንስ ዋልነት ካልገዛሁ አለ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጎንበስ ብዬ የወንበሮቹን ሥር ሳይ ጥበቃው በዓይኑ ተከተለኝ።

ሽማግሌው «የቀረጸው አላታለለህም፤ የሸጠልህ እንጂ» አለኝ። ያንን እግር የቀረጸ እጅ እውነትም ያስቀናል። አሁን አልጋዬ ሥር ነው፤ ጋቢዬን አስቀምጥበታለሁ።

አንድ ጉድለት አለው፤ እግሩ ሦስት ነው። የፊት ግራው የለም። ሽማግሌው ልሥራልህ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት።

ለጥምቀት የሚመጣ ሰው አለ። መሮዎቹን፣ ሙሉውን 12፣ ይዞልህ ይመጣል። የፊት ቀኙን እግርም ነቅዬ እልካለሁ፤ እሱን እያየህ ሥራ። ዋንዛው በደንብ የደረቀ ይሁን። ቁመቱ 9 ሳንቲ ነው። ቀለም እንዳትቀባው፣ እዚህ ሰም እቀባዋለሁ። ደግሞ ጥፍሮቹን ገልብጣቸው፤ የምልክልህ የቀኝ ነው፣ የጠፋው የግራ።

እትዬን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ