ይድረስ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፦ የተመዘገበውን ሳይሆን የሚማረውን ቁጠሩልን

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የምዝገባ ሪፖርት ታቀርባላችሁ። «የዕቅዳችንን ይህን ያህል ፐርሰንት አሳክተናል» ይባላል፣ ይጨበጨባል። እሺ ደስ ይላል። ህዳር ላይስ? አዝመራ ሲደርስ የኋላ ዴስኮች ይራቆታሉ። መምህሩ ስም ይጠራል፣ «አቤት» የሚል ይጠፋል፣ ስሙ ግን መዝገቡ ላይ እስከ ሰኔ ይቆያል።

ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የምትሉት፣ በተማሪ ቁጥር ነው የሚሰላው። ስም የሰረዘ ርዕሰ መምህር ገንዘቡ ይቀንስበታል። በዚያ ላይ ግምገማ ሲመጣ «ለምን አቋረጡብህ?» ተብሎ የሚፋጠጠው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እስክሪብቶውን አላነሳም።

አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። «ውጤት እየተሻሻለ ነው» የምትሉት ይህን ይዛችሁ ነው። ፐርሰንቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ አልክድም።

ግን ቁጥሩን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። በ2014 ያለፉት ወደ 30 ሺህ፣ በ2017 ወደ 49 ሺህ ናቸው። እጥፍ እንኳ አልሞላም። ተፈታኙ ግን ከ900 ሺህ ገደማ ወደ 585 ሺህ ገደማ ወርዷል። ስለዚህ ከጭማሪው ቀላል የማይባለው የመጣው ያለፈው በዝቶ ሳይሆን የተፈተነው አንሶ ነው። የቀሩት የት ገቡ? ጦርነት ትምህርት ቤቱን የዘጋበት አለ። 8ኛ ክፍል ላይ የቀረ አለ። ከብት ጥበቃ የተመለሰም፣ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የጀመረም አለ። የእኛ ወረዳ ልጆች ከየትኞቹ እንደሆኑ መናገር ያለበት የእናንተ ቢሮ ነው።

ትምህርት ቤቶችን ለማደስ በተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ አጥር ታጥሯል፣ ግድግዳ ተቀብቷል፤ እናመሰግናለን። ቀለም ግን ሒሳብ አያስተምርም።

የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። ህዳርና ሚያዝያ ላይ ክፍል ገብታችሁ የተገኘውን ልጅ ቁጠሩ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ተወካዮችም አብረው ይቁጠሩ። እውነተኛውን ቁጥር ያመጣ ርዕሰ መምህር ድጎማው በዚያው ዓመት አይነካበት፤ ካልሆነ ነገም የምታገኙት ያንኑ የመስከረም ስም ነው። የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ውጤትንም በየትምህርት ቤቱ ለይታችሁ፣ ስንት ተመዝግቦ ስንት እንደተፈተነ ከጎኑ ጽፋችሁ ለጥፉልን። የወረዳ አማካይ ብቻ አትስጡን፤ አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት እዚያ ውስጥ ይደበቃል።

የህዳሩን ቆጠራ በታኅሣሥ መጀመሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወረዳው ነዋሪ የሆንኩ ወላጅ