ባትሪ ቢሞትም ኮፈን ይከፈታል፦ የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት ሁሉ ትንሹን በጀት ይዞ ዓመቱን ጨርሷል። መስከረም ላይ «ልጆቹን ግራሶ ታስነካላችሁ እንጂ ምን ታስተምራላችሁ?» ያሉን ወላጆችም ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በዝርዝር ልስጥ።

ዘንድሮ ሥራችንን ያያዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ባትሪው የሞተ መኪና ኮፈን እንዴት ይከፈታል? ቀላል የሚመስለው መኪናው እስኪቆም ድረስ ነው። ሪሞቱን ደጋግሞ እየተጫነ በሩ አልከፈት ያለው ሹፌር፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጆቻችን መጀመሪያ የተማሩት፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ኮፈኑ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው መሳቢያ (በእጅ የሚሳበው እጀታ) የሚጎትተው የብረት ገመድ ነው፤ ገመዱ ከፊት ያለውን መቆለፊያ ያላቅቃል፤ ከዚያ በጣት የሚለቀቅ ሁለተኛ መያዣ አለ። ባትሪው ቢሞትም ይህ ሁሉ ይሠራል። የሚያስቸግረው ወደ መሳቢያው መድረስ፣ ማለትም በሩን መክፈት ነው። ለዚህም የሪሞት ቁልፎች ብዙዎቹ በሆዳቸው የብረት ቁልፍ ደብቀው ይይዛሉ። አንዳንድ መኪና ላይ የቁልፉ ቀዳዳ የማይታየው በሹፌሩ በር እጀታ ላይ በፕላስቲክ ክዳን ስለተሸፈነ ነው። መሳቢያው ተጎትቶም ኮፈኑ እንቢ ካለ፣ አንዱ መሳቢያውን ስቦ ሲይዝ ሌላው የኮፈኑን የፊት ጠርዝ በመዳፉ ወደ ታች ጫን ማድረግ ነው። አቧራና የደረቀ ግራሶ የያዘው መቆለፊያ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይለቃል።

የሳምንቱ ስብሰባዎቻችን ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይካሄዱ ነበር። የአባላት ምዝገባ፣ የኮሚቴ ምርጫና የደኅንነት መመሪያ በመጀመሪያው ወር አልቀዋል።

ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገው ጌጃ ሰፈር አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ስላደረግነው ጉብኝት ነው። የጋራዡ ባለቤት የሆኑት ማስተር ልጆቹን ሰብስበው ሞተር ሊያሳዩን ሲዘጋጁ፣ አንድ ቶዮታ ፕሪየስ ተጎትቶ ገባ። ተቆልፏል፣ ሪሞቱ አይሠራም፣ የመኪናው ባለንብረትም ተጨንቀዋል። ከልጆቹ አንዱ «እንግፋው?» አለ። ማስተሩ «ይህ በግፊ አይነሳም፤ ፍሪሲዮን የሚረገጥበት መኪና አይደለም» አሉና ወደ ልጆቹ ዞረው «እስቲ እናንተ ክፈቱት» አሏቸው።

ወንዶቹ በመስኮቱ ጎማ በኩል ሽቦ ስለማስገባት ሲከራከሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር የማትነሳ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ባለንብረቱ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ቁልፉን ይሰጡኛል?» አለቻቸው። (ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች።) ከሪሞቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ማላቀቂያ ገፍታ የብረቱን ቁልፍ መዘዘችው። በሩ ተከፈተ። ጎንበስ ብላ መሳቢያውን ሳበች፤ ኮፈኑ ከፍ አለ፤ ጣቷን አስገብታ ሁለተኛውን መያዣ ለቀቀችው። ሁሉም ጓጉተው ወደ ውስጥ ሲያዩ ግን ባትሪው እዚያ የለም።

ማስተሩ ዝም ብለው ይመለከቷት ነበር። እሷም «ባትሪው ከኋላ ነው፤ የኋላው በር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ከፊት ማስነሻ ቦታ አለው» ብላ የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተችና ከቀዩ ክዳን ሥር ያለውን ፖዘቲቭ አሳየች። ካቦው (ከደህና መኪና ባትሪ ኃይል የሚያሻግረው ገመድ) ሲመጣም ቅደም ተከተሉን እሷ ተናገረች፦ ቀዩ ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከደህናው ኔጋቲቭ ተነስቶ በመጨረሻ በሞተው መኪና ላይ ራቅ ብሎ ካለ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ። ለምን ባትሪው ላይ አይሆንም ሲሏት «ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ አለው» አለች። ማስተሩ የራሳቸውን ጓንት አውልቀው ሰጧት፤ የመጨረሻውንም ጫፍ ያገናኘችው እሷ ናት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። አባቷ ሹፌር ናቸው። አንድ የክረምት ሌሊት ባትሪ ሞቶባቸው፣ በሩ እንቢ ብሏቸው፣ እስኪነጋ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ያገኘችውን ሁሉ እያነበበች ለአባቷ ታስረዳለች። እኔ በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ በአንድ ተማሪ እንዲህ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ይህ ትምህርት ከክፍሉ ፊዚክስ የተለየ አይደለም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ወደ 2.1 ቮልት ይሰጣል፤ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት የሚያሳየው ለዚህ ነው። ልጆቻችን ይህን ቁጥር ከሰሌዳ ሳይሆን ከመለኪያው ላይ አንብበውታል። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ንባቡ ወደ 14 ሲጠጋም አይተዋል።

ያልተሳካልንም አለ። በሁለተኛው መንፈቅ የምንሰበሰብበት ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ተፈልጎ ለሳምንታት ተበትነናል። በእርዳታ ያገኘነው ባትሪ ቻርጅ አልይዝ ብሎ ቀርቷል። የኤሌክትሪክ መኪናም በቅርብ ሳናይ ዓመቱ አልቋል፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በእነዚህ መኪኖች እየተሞላ ነው። አብዛኞቹም በሮቻቸውንና ኮምፒውተራቸውን የሚያሠራ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። እንደ ቴስላ ሞዴል 3 ባሉት የፊት ክዳኑ ራሱ በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት፣ ከፊት መከላከያው ላይ ካለው የመጎተቻ ክዳን ጀርባ በሚወጡ ሁለት ሽቦዎች ከውጭ 12 ቮልት መስጠት ያስፈልጋል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ገመድ ግን ከፍተኛ ቮልት ስለሚያልፍበት በጭራሽ አይነካም። ይህን ልጆቹ ከሥዕል ብቻ ተምረው መውጣታቸው ያሳስበኛል።

ለሙዚቃ ክበብ አዲስ ኪቦርድ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል። እኛ ቮልት መለኪያ ከፊዚክስ ላብራቶሪ እየተዋስን፣ ፈተና ሲደርስ እየመለስን ሠርተናል። ለ2018 የምንጠይቀው አንድ የራሳችን መለኪያ፣ ደህና ባትሪ፣ ወፍራም ካቦና የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። ሶማሌ ተራ ሱቅ ያላችሁ ወላጆች፣ ከተፈታ መኪና የተረፈ የኮፈን መቆለፊያ ከነገመዱ ብትሰጡን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ገጥመን ማስተማሪያ እናደርገዋለን። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ለአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ብታቆሙልን፣ ልጆቹ ባለንብረቱ ባሉበት አይተው ይማራሉ። ዕቃ የምታመጡ ለንብረት ክፍል አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም በሁለተኛው ሳምንት ይጀመራል፤ ሴት ተማሪዎች በብዛት እንድትመጡ እጠብቃለሁ።