ለሰብለ፦ ስለ እናቴ ልብና ስለ እግሯ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ሰብለ፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኔ ከነቤተሰቤ ደኅና ነኝ፣ እናቴም በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምሁት ከሁለት ዓመት ተኩል ዝምታ በኋላ ደብዳቤዬን ስትከፍቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። የላክሽልኝ መልእክት ሁሉ ደርሶኛል፤ ያልመለስሁት ተቀይሜሽ ሳይሆን አፍሬ ነው። ያሳፈረኝ ነገር አንቺ እዚያ ሜሪላንድ የልብ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ዘወትር የምትጠነቀቂለት ስለሆነ ከሌላ ሰው ይልቅ ለአንቺ መናገሩ ከበደኝ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ መካከል፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሆስፒታል ስናደርሳት የልብ ምቷ በደቂቃ 32 ነበር፤ ኢሲጂው፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሣው ትእዛዝ ወደ ታችኛው ጨርሶ እንደማይደርስ አሳየ። ቋሚ ፔስሜከር፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ፣ እንደሚያስፈልጋት ወዲያው ተነገረን፤ መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ግን በቀኝ ብሽሽቷ ባለው ትልቁ ደም መልስ በኩል ሽቦ ገብቶ ጫፉ ቀኝ የታችኛው የልብ ክፍሏ ውስጥ ተቀመጠ፣ ሌላው ጫፉም አልጋው አጠገብ ከተንጠለጠለው፣ ልቧን በኤሌክትሪክ ከሚያስመታው ሳጥን ጋር ተያያዘ። ሳጥኑ በደቂቃ 70 ምት ላይ ተደረገ፤ የእናቴ ፊት ዐይናችን እያየ ደም መለሰ። ያ ሽቦ ሕይወቷን እንዳተረፈ ዛሬም አልጠራጠርም።

«እግሯን እንዳታጥፍ» ተባልን። ትእዛዙ ተገቢ ነበር፤ ጭኗን ብታጥፍ የሽቦው ጫፍ ከቦታው ሊንሸራተትና ልቧ ያለ ትእዛዝ ሊቀር ይችላል። እኛ ግን ትእዛዙን አበዛነው። ቁርጭምጭሚቷን ስታነቃንቅ «ተይ» እንላታለን፤ ምንም ያልገባበትን ግራ እግሯን እንኳ በትራስ አስደግፈን አሰርነው ማለት ይቻላል። እንቅልፍ የሚወስደን ሳጥኑ ላይ የሚብለጨለጨውን ትንሽ መብራት ስናይ ብቻ ነበር። መሣሪያው ዛሬ ነገ ሲባል ስምንት ቀን አለፈ።

ጎንደር ሳለን ለፈተና የሸመደድናቸውን፣ ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርጉትን የሐኪሙን የፊርኾን ሦስት ምክንያቶች ታስታውሻለሽ? አንቺ በግጥም መልክ አድርገሽ ታስጠኚን ነበር፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት፣ የደሙ ለመርጋት ማዘንበል። የባት ጡንቻ ካልተኮማተረ የእግር ደም ወደ ላይ የሚገፋው የለም፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ባዕድ ነገር፣ ያ ሽቦ፣ ደም መልሱ ውስጥ ተጋድሞ ግድግዳውን ሲነካካና መንገዱን ሲያጠብ ይውላል፤ በዚህ ላይ እናቴ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆናም ጾሟን ስላልፈታች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም ነበር። ሦስቱም ምክንያቶች አንድ አልጋ ላይ ተኝተው እኔ ነርሷ ልጇ ራስጌዋ ተቀምጬ ሳጥን እጠብቃለሁ። ደም እንዳይረጋ በአነስተኛ መጠን የሚሰጠው መድኃኒት፣ ሄፓሪን፣ እንኳ አልተጀመረላትም ነበር፤ ሽቦው ስስ የሆነውን የቀኝ ልብ ግድግዳ ቢወጋ ደም ልቧን በከበበው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል የሚል ስጋት ነበረ። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን የመድማቱን አደጋ ሁሉም ሰው ሲያነሣ ሰማሁ፤ የመርጋቱን ያነሣ አልነበረም፣ እኔም አላነሣሁም።

በስምንተኛው ቀን ገላዋን ሳብሳት ቀኝ ጭኗ ከግራው ወፍሮ ሞቅ ሞቅ ብሎ አገኘሁት። አየሁት፣ ሰብለ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም። «ከመተኛት ብዛት ነው» ብዬ አልፌው፣ በሜትር እንኳ አልለካሁትም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ድንገት ትንፋሽ አጠራት፣ ስትተነፍስም ጎኗን ይወጋት ጀመር። አሁን የምጽፍልሽ ነገር እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ነው። የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ሲሰነቀር ልብ ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነቃን እርሱ ነው። የእናቴ የታችኛው የልብ ክፍል ግን ትእዛዝ የሚቀበለው ከሳጥኑ ብቻ ስለነበረ የእጇ ምት 70 ላይ ጸንቶ ቆየ። የላይኛው ክፍል እየሮጠ ይሆናል፣ ጩኸቱ ግን ወደ ታች አይደርስም። እኔም፣ ተረኛዋ ነርስም የእጇን ምት ይዘን «ልቧ ደኅና ነው» ተባባልን፤ የሳጥኑን ቁጥር ከእጇ ላይ መልሰን እንደምናነብብ አላስተዋልንም። የነቃነው የደሟ የኦክስጅን መጠን ወርዶ 84 በመቶ ሲደርስ ነው።

ዶፕለር አልትራሳውንድ ከብሽሽቷ ወደ ዳሌዋ የሚወጣ የረጋ ደም አሳየ፤ ሲቲ ስካኑም ከዚያ ተቆርጦ የሄደውን ቁራጭ በቀኝ ሳንባዋ ውስጥ አገኘው። ሄፓሪን በደም ሥር ተጀመረ። ያን ዕለት የገቡት የልብ ሐኪም ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፦ መጀመሪያ በቀኝ አንገቷ በኩል አዲስ ሽቦ አስገብተው መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው የብሽሽቱን ቀስ ብለው የሳቡት፣ ሲስቡትም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ግራ ትከሻዋን ለቋሚው መሣሪያ ሳይነካ አቆዩት። የአንገቱ መንገድ ወደ ልብ ቀጥ ያለ ነው፣ እግርንም ነጻ ይተዋል፤ መርጋት ግን በዚያም አይቀርም፣ ክንድና አንገት ሲያብጥ የምናየው ከዚህ ነው። ዋናው መድኃኒት ሽቦው የሚቆይበትን ቀን ማሳጠር ነው፣ እርሱ ደግሞ በእኛ እጅ አልነበረም።

ቋሚው መሣሪያ በ12ኛው ቀን ደረሰ። ሄፓሪኑ ለጥቂት ሰዓታት ተቋርጦ ተተከለላት፤ ከቀጠለ መሣሪያው የሚቀበርበት ኪስ ደም ይቋጥራል፣ የቋጠረ ደም ደግሞ ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ከዚያ ደም እንዳይረጋ የሚዋጠውን ዋርፋሪን ጀመረች፤ አይ ኤን አሯ፣ ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር፣ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ስንመላለስ ከረምን። በጾም ቀን ጎመን እንደምትወድ ታውቂያለሽ፤ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። «ልቤን በባትሪ አደረጋችሁት፣ አሁን ደግሞ ጎመኔን?» ብላ ተቆጣችኝ። አልከለከልናትም፤ በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት መጠን እንድትበላ ተስማማን፣ እርሷም በጭልፋ እየለካች ትፎክርብናለች።

በኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። በ1958 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ሲይሞር ፈርማን በደም ሥር ሽቦ አሳልፎ የአንድ ሽማግሌ ልብ ለ96 ቀናት አስመታ። ሰውየው ልቡን የሚያስመታውን ትልቅ ማሽን በጋሪ እያስገፋ በኮሪደሩ ይራመድ ነበር። ፎቶግራፉን ሳይ የእናቴ ግራ እግር፣ ያ ትራስ ላይ ያሰርነው እግር፣ ትዝ አለኝና ስልኬን ዘጋሁት።

አሁን የምለምንሽ አለኝ። ለአስታማሚዎች የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ብሽሽት ላይ ሽቦ ያለበት ሕመምተኛ ጭኑን ሳያጥፍ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ፣ ሁለቱም ጭኖች በየቀኑ በሜትር እንዲለኩ፣ ትንፋሽ ሲያጥር የሳጥኑን ቁጥር አይቶ መጽናናት እንደማይገባ ጽፌበታለሁ። ስለ መከላከያው ሄፓሪን ቤተሰብ ሐኪሙን እንዴት ቢጠይቅ ሳይቀያየም መልስ እንደሚያገኝ ግን ቃሉ ጠፍቶኛል። እናንተ ዘንድ የታማሚ ልጅ ስትጠይቅሽ በምን ቃል እንድትጠይቅሽ ትወጃለሽ? እርሱን ጻፊልኝ፤ ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ እንደ ጎንደሩ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ አበላሺው።

እናቴ «ልጄ ሰብለ ለፋሲካ ትምጣ» ብላሻለች።

የአንቺው
አልማዝ