ወንዟ በደለል የተሞላባት ጋሊና

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ አሜሪካ ሲያነሣ ብዙውን ጊዜ ከዋሽንግተንና ከኒውዮርክ ስለማይርቅ፣ በኢሊኖይ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ ስለምትገኘው የጆ ዴቪስ ካውንቲ መቀመጫ፣ ስለ ጋሊና፣ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው እርሳስ ከሚወጣበት ማዕድን ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ጋሊና ወንዝ እየታጠፉ ደጃፏ ድረስ ይመጡ ነበር። ይሁንና ማዕድን ቆፋሪዎችና አቅላጮች የኮረብታዎቹን ዛፍ ስለጨፈጨፉ፣ አፈሩ በዝናብ እየታጠበ ወንዙን በደለል ሞላው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 የደረሰው የባቡር ሐዲድም የወንዙን ንግድ ወሰደ። (የጥንቱ የበረዶ ግግር አካባቢውን ስላልደፈጠጠው መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ ኢሊኖይ ሁሉ ሜዳ ለሚመስለው ሰው ይህ ያስገርማል።) ኡሊሰስ ግራንት በ1860 ወደዚች ከተማ መጥተው በአባታቸው የቆዳ ዕቃ ሱቅ ሲሠሩ፣ በ1869 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይሆናሉ ብሎ የገመተ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የንግዱ መዳከም አሮጌዎቹን የጡብ ሕንፃዎች ማትረፉ ነው፤ ሀብቱ ቢቀጥል ኖሮ ብዙዎቹ ፈርሰው በአዲስ በተተኩ ነበር። ከ3 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ዛሬ በእጅጉ የምትጠቀመው እነርሱን ለማየት ከሚመጣው ጎብኚ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ