የዲዲ ዕጣ

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ ሱቁንም ከፍቻለሁ። አያትሽ ለጥምቀት መጥተው እኔው ዘንድ ናቸው፤ «ያቺ ልጅ ሀዋሳ ሄዳ ረሳችን» ይላሉ፤ ደውዪላቸው።

ባለፈው የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ስልኩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም ያን ቀን አልመልስልሽም ነበር። «እማ፣ የኛው አገር ትምህርት ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ አንቺ ለኔፓል ትምህርት ቤት ገንዘብ ይዘሽ ተራራ ትወጫለሽ?» አልሽኝ። ጥያቄሽ ልክ ነው። ጎረቤቱም፣ የማኅበር ጓደኞቼም ጠይቀውኛል፤ «ወዳጄን ልጠይቅ ነው» እያልኩ አልፌያቸዋለሁ። አንቺን ግን እንዲያ ብዬ ማለፍ ከበደኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ካንቺ ነውና።

ዲዲን በፎቶ ታውቂያታለሽ። «ዲዲ» በኔፓልኛ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ክፍል ስናጸዳ ሰባት ዓመት አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ኖርን፣ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። አገሯ ሶሉኩምቡ ነው። ኤቨረስት ያለበት አውራጃ ነው፤ የሷ መንደር ግን ከበረዶው በታች፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ነው። አሥር ሴቶች ነበርን፣ ስድስት ሐበሻ፣ አራት ኔፓላዊ። እቁብ እንጀምር ብለን ልናስረዳቸው ስንል «ይሄማ ዱኩቲ ነው!» ብለው ጮኹ። እነሱም አገር ለካ ሴቱ ሁሉ ገንዘብ እያዋጣ በተራ ያነሣል። በወር ሦስት መቶ ድርሃም ጣልን።

2005 ዓ.ም. ላይ አምስተኛ ክፍል ነበርሽ። እኔ ታምሜ ሦስት ሳምንት ተኝቼ ደመወዜ ተቆርጧል። አያትሽ ደወሉ፤ የት/ቤት ክፍያሽ ሁለት ጊዜ አልፎ «እስክትከፍሉ አትምጣ» ተብለሻል። ቤት መዋል ከጀመርሽ አራተኛ ቀንሽ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ፤ ከታች ያለው ሰው እንዳይሰማኝ። ሰምታለች። የዚያ ወር ዕጣ የወጣው ለዲዲ ነበር። ልጇን ከመንደር አውጥታ ካትማንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ልታስገባው ስትጠብቅ የከረመችው ገንዘብ ነው። ማታ ፖስታውን ትራሴ ላይ አስቀመጠችው። «የኔ ልጅ መንደር ውስጥ ትምህርት ቤት አለው፤ ሲደርሰኝ ይሄዳል። ያንቺ ልጅ አንዴ ከወጣች ማን ይመልሳታል?» አለችኝ።

ልጇ መንደሩ ቀረ። አንቺ በማግስቱ ወደ ክፍል ተመለስሽ። ገንዘቡን በዓመቱ መለስኩላት፣ ግን ልጁ ዕድሜው አልፎ አዳሪ ትምህርት ቤቱ አልተቀበለውም።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ረፋድ ላይ አንዱን ክፍል ስናነጥፍ እንግዳው ቴሌቪዥኑን ሳይዘጋ ወጥቷል። ኔፓል ተንቀጠቀጠች ይላል፣ 7.8። ዲዲ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ አልገባም። እየደጋገመች አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? ቅዳሜ ነው አይደል?» ለካ እነሱ አገር የሚዘጋው ቅዳሜ ነው፤ ተማሪው እቤቱ ይውላል። ወደ ዘጠኝ ሺህ ሰው አለቀ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ በየኮረብታው በፈረሱት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆች ነበሩ። የነሱን መንደር ትምህርት ቤት ያ ቀን ሰነጠቀው፤ ግንቦት 4 የመጣው ሁለተኛው ጣለው። ልጇ ተርፏል። እኔ ግን ያን ሁለት ቀን አልረሳውም። ልጁ እዚያ ድንጋይ ሥር ቢሆን ኖሮ፣ የቀረው ባንቺ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ ወደ ኔፓል የሄድኩት ለዚህ ነው። ዱባይ ከነበርነው አዲስ አበባ ያለነው ሴቶች እቁባችንን አልተውንም፤ አንድ ዙር «የዲዲ ዕጣ» ብለን አወጣን።

ኅዳር ላይ በዴልሂ አድርጌ ካትማንዱ ገባሁ። ዲዲ አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ስትጠብቀኝ ፀጉሯ ሸብቷል። ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተን ጂሪ እስከምትባል ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ሄድን። መንገዱን ስዊሶች ናቸው የሠሩት፤ ድሮ መኪና እዚያ ያበቃ ነበር። ዛሬ በሌላ በኩል ጂፕ ይገባል። እኔ ግን በእግር እንሂድ አልኳት። ወደ ዱባይ ስትሄድ ልጇን ለአማቷ ትታ ያን መንገድ ስድስት ቀን በእግሯ ወርዳዋለችና ላየው ፈለግሁ። እኔ አንቺን ትቼ ከደብረ ብርሃን ስወጣ ሚኒባሱ መስኮቱ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር፤ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁሽም። እሷ ስድስት ቀን ሙሉ በእያንዳንዱ ኮረብታ ጫፍ ዞር የምትልበት መንገድ ነበራት። የቱ እንደሚብስ ተነጋግረን አልተስማማንም።

መንገዱ ሽቅብ ወጥተሽ ስትጨርሺ እስከ ወንዝ የሚያወርድሽ፣ ከወንዙ ደግሞ እንደገና የሚያስወጣሽ ነው። «ቢስታራይ፣ ቢስታራይ» ይሉሻል፤ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ። ዴውራሊ የምትባለው መተላለፊያ ላይ ጸሎት የተቀረጸበት ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፤ ሰው ሁሉ ግንቡን በቀኙ አድርጎ ያልፋል፤ እኔም እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አክብሬ አለፍኩ። ላምጁራ 3,530 ሜትር ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ጋግሯል። እኔ የሸዋ ደጋ ልጅ ነኝና አልከበደኝም። ደብተራችንን የተሸከመልን ወጣት ቅርጫቱን በግንባሩ በሚያልፍ መጫኛ ነው የሚይዘው፤ ሲደክመው ቲ ቅርጽ ያላት ዱላውን ከቅርጫቱ ሥር ያቆምና ሳያወርድ ቆሞ ያርፋል። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። የሰው ልጆች ደብተር ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ ከኋላው መሄድ ልብ ይነካል።

አንድ ጥፋት አጠፋሁ፣ ለመምህርነትሽ ይጠቅምሻልና ልንገርሽ። በአንዲት መንደር ስናልፍ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው «ዋን ፔን! ዋን ፔን!» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጥቅሉን ከፈትኩና ማደል ጀመርኩ። ወዲያው ሃያ ሆኑ፣ ከዚያ ተገፋፉ። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ሚጢጢ ከደረጃው ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ የያዘችውን እስክሪብቶ ትልቁ ልጅ ቀማት። ዲዲ ልጅቷን አንሥታ በውሃ እያጠበቻት፣ እኔን ሳታየኝ፣ «ሰዓቱ ስንት ነው?» አለችኝ። አምስት ሰዓት። «ክፍል ውስጥ መሆን ነበረባቸው። ፈረንጅ እስክሪብቶ ስለሚሰጥ ነው እዚህ የሚውሉት።» አፈርኩ። የተረፈውን አሥሬ እስከ መንደሯ አልፈታሁትም።

ጁንቤሲ በምትባል፣ ሸርፓ የሚሉት የተራራው ሕዝብ ከተማ ስናድር ምድጃ ዙሪያ ስለ ኤድመንድ ሂላሪ አወሩልኝ። በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቴንዚንግ ኖርጋይ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ የቆመው የኒውዚላንድ ሰው ነው። ቴንዚንግ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም ነበር። በኋላ ሂላሪ ሸርፓዎቹን ምን ላድርግላችሁ ቢላቸው ልጆቻችን ዓይን እያላቸው አያዩም፣ ትምህርት ቤት ሥራልን አሉት። በ1961 ኩምጁንግ በምትባል መንደራቸው የመጀመሪያውን ሠራ፤ ከዚያም ሌላ፣ ሌላ። በ1975 እዚያው ሶሉ ውስጥ ፋፕሉ ላይ ሆስፒታል ሲያሠራ ሚስቱና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ወደሱ ሲመጡ አውሮፕላናቸው ካትማንዱ አጠገብ ተከሰከሰ። ከዚያም በኋላ ሰውየው አልተወም፤ እየተመላለሰ ሲሠራ አረጀ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ብሆን ያን አገር ዳግም በዓይኔ የማየው አይመስለኝም። በማግስቱ ከአንድ ኮረብታ ላይ ኤቨረስትን ከሩቅ አሳዩኝ፤ ከትልልቆቹ ኋላ ያለች ትንሽ ነጭ ጫፍ ናት። አየሁና አለፍኩ፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

መንደሯ ስንደርስ አማቷ በር ላይ ነበሩ። እናትን «አማ» ነው የሚሉት፤ አንቺ ከምትይኝ በምን ይለያል? ከቤት የያዝኩትን በሶ አወጣሁላቸው። በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ገብተው የራሳቸውን የገብስ ዱቄት በቆርቆሮ አመጡ። ጻምፓ ይሉታል። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ ሽታው ሳይቀር የአያትሽ ጓዳ! በቅቤና በጨው ሻይ ለውሰው በእጃቸው ጨብጠው አጎረሱኝ። አጎረሱኝ ነው የምልሽ።

ትምህርት ቤቱ አሁን የብረት ምሰሶ ያለው፣ ግንቡ እስከ ወገብ ብቻ የሆነ፣ ከላይ ቆርቆሮ ነው። ቢናወጥ እንዳይገድል። ገና ግቢው ሳንደርስ ድምፁን ሰማሁት። «ካ፣ ካአ፣ ኪ፣ ኪእ፣ ኩ…» ቆምኩ። ፊደላቸው እንደኛ ነው ልጄ፤ አንዱ ፊደል ቅጥያ እየጨመረ ድምፁን ይለውጣል። የኛ ሰባት ነው፣ የነሱ አሥራ ሁለት፤ «ባህራኻሪ» ይሉታል፣ ባህራ አሥራ ሁለት ነው። ሕፃናቱ እየተወዛወዙ በዜማ ይሉታል። አንቺ «ሀ፣ ሁ» ስትይ እኔ አልነበርኩም። አያትሽ በስልክ ሊያሰሙኝ ሞክረው ካርዱ አለቀ። ዲዲ ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም፤ ክንዴን ያዘችኝና ልጆቹ እስኪጨርሱ አብራኝ ቆመች።

ሰሌዳው ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ መንግሲር 2080። በኛ 2016 ነው ብዬ ስነግራቸው ሕፃናቱ ወደ ኋላ ቀርቼ የመጣሁ መስሏቸው በጣም አዘኑልኝ።

ገንዘቡን ለዴስክና ለሰሌዳ አስበነው ነበር። ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተቀመጥን፤ ዴስክ አንድም ሰው አላነሣም። የጠቀሱት የሕፃናቱን አስተማሪ ነው። መንግሥት የሚከፍላቸው መምህራን ከሌላ አውራጃ የመጡ ናቸው፤ ትምህርቱ በኔፓልኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ቤታቸው የሚያወሩት ሸርፓኛ ነው። ሁለቱንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ የመንደሩ ልጅ። ደመወዟ የሚወጣው ከመንደሩ መዋጮ ነው፤ አራት ወር አልተከፈላትም። ከቀረች ሕፃናቱ ምንም በማይገባቸው ቋንቋ ፊት ይቀመጣሉ፤ አቅም ያለው ልጁን ወደ ካትማንዱ ይልካል፣ የቀረው ይቀራል። የወር ደመወዟን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ሱቄ በደህና ሳምንት ከሚያስገባው ያንሳል። አራቱን ወር ከፈልን፤ የተረፈው ለዓመቱ በኮሚቴው መዝገብ ገባ፤ ሦስት ሰው ፈረመበት። ሴቶቹም እዚህ ሲሰሙ ተስማምተዋል፤ ዕጣው በየዓመቱ ይወጣል። አንቺም ስትመረቂ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህንኑ ይሁን፦ ሕፃናቱን የሚያስተምረው ማነው፣ ተከፍሎታል ወይ?

የዲዲ ልጅ አሁን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ጨርሶ ሳሌሪ በምትባል የአውራጃው ከተማ ጤና ረዳትነት ይማራል። ገጹን እንዳየሁ ይቅርታ ልለው ስድስት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ቃል ጠፋኝ። እሱ «ልጅሽ እንዴት ናት፣ ተመረቀች?» አለኝ። ዘንድሮ ናት አልኩት።

የደብረ ብርሃኑን ትምህርት ቤት ጣሪያ ጉዳይ አልረሳሁትም፤ ለፋሲካ ስትመጪ አያትሽን ይዘን ሄደን እንየው። ዲዲ ስለሱ ስነግራት ከቦርሳዋ አምስት ሺህ ሩፒ አውጥታ ሰጥታኛለች። ተመንዝሮ ተቀምጧል፣ አንቺው ታደርሺዋለሽ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት ልኬልሻለሁ። አንደኛው በ2001 አያትሽ በሰው እጅ የላኩልኝ ያንቺ የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ ዱባይ ትራሴ ሥር ስለነበር መታጠፊያው ላይ ተቀዷል። ሁለተኛው ያች አስተማሪ «ያንቺን ፊደል አሳዪያቸው» ብላኝ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የገለበጠችው ነው። የ«ሁ» ቅጥያ በግራ በኩል ወጥታለች። ያንቺም ላይ እንዲሁ ነበረች፤ አስተያዪው። በቀይ እንዳታርሚያት።

የምትወድሽ እናትሽ