ሐይቁን አትጋርጂብኝ

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት ቡና አፍሉልኝ ይላል።

የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ወንድምሽ ስልኩን ከእጄ ማስለቀቅ አቅቶት ነበር። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ቤት ታገኛለሽ ብዬ አልጠበቅሁም። ሳሎኑ ውስጥ አናቱ ቅስት የሆነ ትልቅ መስኮት፣ ከጣሪያው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት፣ ደረጃው ላይ ደግሞ እንደ ሰፌድ የከበበች አንዲት ትንሽ መስኮት። ጥያቄሽ ግን አስደነገጠኝ። «እማዬ፣ ሦስቱንም በምን ልጋርዳቸው?» ትያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት መጋረጃ ሰፍቼ አሳድጌሽ!

እስከዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ፒያሳ ውስጥ ባለ እንጨት በረንዳ አንድ የጥንት ቤት ተጠራሁ። የፎቁ መስኮት ልክ እንዳንቺው ቅስት ነበር፤ ወደ እንጦጦ ይመለከታል። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ወንበራቸው ከመስኮቱ ሥር አይለይም። ልጆቻቸው ከውጭ አገር ገንዘብ ልከው ሳሎኑ ይታደስላቸው ብለዋል። እኔም ወጣት ነኝ፣ ሙያዬን ላሳይ ብዬ ገበር ያለው ወይን ጠጅ ከፋይ ሰፋሁ። ለቅስቱም እንደ ፀሐይ ጮራ ከመሐል የሚበተን ሽንሽን ሠርቼ ከላይ ደፈንኩት። ያየው ሁሉ አደነቀኝ። ከሁለት ወር በኋላ ቀሪ ሂሳብ ልቀበል ስሄድ ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። አልወቀሱኝም፤ ሻይ አስፈሉልኝ። ፈትቼ ላስተካክልልዎ ማለት ሲገባኝ ብሬን ቆጥሬ ወጣሁ። ቤቱም በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል፤ አሁን ልካስ ብል መስኮቱም የለ።

አንቺን ጎንደር የወሰድኩሽ ከዚያ በኋላ ነው። የፋሲል ግንብ መስኮቶችና በሮች ዙሪያቸውን በቀይ ድንጋይ ተከበው አይተሽ «ከንፈር ቀለም የተቀቡ ይመስላሉ» ብለሽ አሳቅሽኝ። እኔ ግን ሆዴ ባባ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ጌጡን ሁሉ ለግድግዳው ሰጥተው ክፍቱን ክፍት አድርገው ትተውታል። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ቆሜ የፒያሳውን ከፋይ ሳስብ አፈርኩ።

እንግዲህ የሳሎኑን ስሚኝ። የመጋረጃውን ዘንግ ቅስቱ መጉበጥ ከሚጀምርበት ከትከሻው ላይ ልስቀለው የሚልሽ አናጺ አይጠፋም፤ ለእሱ ቀላል ነው። እሺ እንዳትይው። ያ ብረት ሐይቁን ለሁለት ሲቆርጠው ይኖራል። በፎቶው እንዳየሁት በቅስቱ አናትና በኮርኒሱ መሐል አንድ ስንዝር ያህል ግድግዳ አለ። ዘንጉ እዚያ ይገባል። መስኮቱ 160 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል ብለሻል፤ በግራም በቀኝም 40፣ 40 ጨምረሽ 240 አድርጊው። ወፍራም ጨርቅ ተሰብስቦም ቦታ ይይዛል፤ ዘንጉ በመስኮቱ ልክ ከተቆረጠ መጋረጃውን ከፍተሽም ቢሆን ጥቅሉ መስታወቱ ላይ ያርፋል። እንደነገርኩሽ ከረዘመ ግን ጨርቁ ከነሽንሽኑ ግድግዳው ላይ ይቆምና ቅስቱ ሙሉ መልኩን ያሳያል። ዘንጉ ስለሚረዝም መሐሉ እንዳይጎብጥ ሦስተኛ ደጋፊ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፊሸርም ደህና ይሁን። መጋረጃው ሁለት ክንፍ ስለሆነ የመሐሉ ደጋፊ ቀለበቶቹን አያግድም።

ወፍራሙን ከጥጥ ነው የምሰፋልሽ። ጨርቁ የዘንጉን እጥፍ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ሽንሽኑ አይሞላም፣ የተዘረጋ አንሶላ ይመስላል። ሳልቆርጠው ነክሬ አሰጣዋለሁ፣ ካልሆነ በመጀመሪያው አጠባ አጥሮ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይቀራል። ከዘንጉ እስከ ወለሉ ያለውን ቁመት ስትለኪ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ለኪ። ወለሉ ልክ ነው ብሎ ግንበኛው ቢምልልሽም አትመኚው።

ስሱ መጋረጃ ላይ ነጭ እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ ሰውም የሚገዛው ነጩን ነው። እኔ ግን አመድማ ነው የምልሽ። ይህን ያወቅሁት እናቴን የቀበርኩ ሰሞን ነው። ጥቁር ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መንገዱ፣ ሰዉ፣ የጎረቤት ልብስ ማድረቂያ ገመድ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። በሌላ ቀን በነጩ ነጠላ ሞከርኩት፤ ጭጋግ ነው። ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ሲያርፍበት እሱ ራሱ ያበራና ዓይንን እዚያው ያስቀረዋል። ጠቆር ያለው ግን ዓይንን አልፎ እንዲሄድ ይለቀዋል። አንቺም ሁለት ቁራጭ ገዝተሽ ረፋዱ ላይ መስታወቱ ላይ ለጥፊና በየትኛው የክብራን ገብርኤል ደሴት እንደሚታይሽ እይ።

ስሱ ብቻ ይበቃኛል እንዳትይ። ቀን ውጭው ስለሚበራ ይሸፍንሻል፤ ማታ መብራት ስታበሪ ግን ነገሩ ይገለበጥና ከሐይቁ ዳር የሚያልፈው ሁሉ እራትሽን ያይልሻል። የማታው ለወፍራሙ ነው።

ቤትሽ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ስለሚመለከት ፀሐይ አይገባበትም ብሎሽ ይሆናል አከራዩ። ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ እውነቱን ነው። ነገር ግን አንድ መሐንዲስ ደንበኛዬ እንዳስረዳኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ባሕር ዳርን አልፋ በሰሜን በኩል ትሄዳለች። ጠዋትና ማታ ሰያፍ ሆና በመስኮትሽ ትገባለች። ክረምቱን ደመናው ይጋርድልሻል፤ ፈተናሽ ግንቦት ነው፤ የግንቦትን የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ እኔ አልነግርሽም።

ለዚህ ነው ለሦስት ማዕዘኑ መስታወት መጋረጃ የማልሰፋለት። በሰያፍ ዘንግ ላይ የተሰቀለ ጨርቅ ሁልጊዜ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ እንዲያ ከፍ ብሎ ማን ወጥቶ ይጎትተዋል? ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ብቻ የሚገባ፣ በቀጭን እንጨት ላይ የተወጠረ አቡጀዲ አሠሪለት፤ ዝናቡ ሲገባ አውርደሽ ከአልጋ ሥር ታስቀምጪዋለሽ። ልኩን በሜትር ብቻ አትውሰጂ፣ የጣሪያ ማዕዘን ግራና ቀኙ እኩል አይመጣም። ካኪ ወረቀት መስታወቱ ላይ አጣብቂና ጠርዙን በጥፍርሽ ፈግፊው፤ ያ መሥመር አይዋሽም። መሰላል ላይ ግን ብቻሽን እንዳትወጪ።

ክቧን ተያት። ደረጃ ላይ ማን ቆሞ ያይሻል?

ጨርቁን ሳልገዛ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ወንበርሽን ልትቀመጪ በምትፈልጊበት ቦታ አድርጊና ቁጭ ብለሽ በመስኮቱ የሚታይሽን ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሪልኝ፤ ቆመሽ አይደለም። የዘንባባው ቅርንጫፍ የት ይጀምራል፣ ደሴቱ የቱ ጋ ይወድቃል፣ ታንኳዎቹስ ስንት ሰዓት ላይ ያልፋሉ? መርካቶ የምወርደው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው። ለጥምቀት ስመጣ ሰፍቼ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ትራፓኖ የሚያውስሽ ጎረቤት ብቻ ፈልጊ።

እናትሽ