የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ የቫዝሊን ካርድና የዛፍ ሽበት

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እኛ ችግኝ ብቻ የምንተክል ክበብ አይደለንም። ችግኝም ተክለናል፣ እሺ። ከነባሩ ህንፃ ጀርባ ያሉት ግራቪሊያዎች የእኛ ናቸው፤ ግማሾቹን የጎረቤት በግ በልቷቸዋል። የዘንድሮ ዋና ሥራችን ግን አየር ነበር። ቃሊቲ ተቀምጠን ስለ አየር ካላወራን ስለ ምን እናውራ?

ማታ ልብስ አስጥቶ ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ፣ ጠዋት ከሰልፍ ሜዳው ወደ አቃቂ ስታዩ ጭሱ ሽቅብ አይሄድም። እንደ ጋቢ ሰፈሩ ላይ ተጥሎ ይቆያል። ምክንያቱን ልጆቹ አሁን በቃላቸው ይነግሯችኋል። ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከዳገቱ ወደ ዝቅተኛው ወደ እኛ ይወርዳል። ከላይ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጠምበታል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ የሌሊቱ ጭስ ሁሉ ከታች ይጠራቀማል። ሰልፍ የምንወጣውና በረጅሙ ተንፍሰን የምንዘምረው በዚያው ሰዓት ነው።

ስብሰባ አድርገናል፣ በየአርቡ ከሰዓት። 41 ሆነን ጀምረን 23 ቀረን። ምርጫ ተደረገ፣ ዕቅድ ወጣ፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ይበቃል።

ሥራው የተጀመረው በስልክ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ የተተከለ መሣሪያ ከ2008 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ በየሰዓቱ ደቃቅ ብናኝ ይለካ ነበር። ፒኤም 2.5 የሚባለውን ማለቴ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያንስና ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ። ልጆቹ በየጠዋቱ ቁጥሩን ከስልኬ እያዩ በካሬ ደብተር ጻፉ፣ በሚኒ ሚዲያም አነበቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም፣ የዓመቱ ደግሞ ከ5 ባይበልጥ ይመረጣል። በደብተራችን ከ15 በታች የሆነ ቀን ሲገኝ አንባቢው ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዛሬ ተንፍሱ!» ይል ነበር። ብዙ ጊዜ አላለም።

እኔን ራሴን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ዝናብ አየሩን ያጥበዋል ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። የመሣሪያው የዓመታት መዝገብ ግን አዲስ አበባ ላይ ብናኙ ከፍ የሚለው በክረምት እንደሆነ ያሳያል። ብርዱ አለ፣ ከሰሉና እንጨቱ አለ፣ እርጥቡና የማይንቀሳቀሰው አየር አለ።

ከዚያ የካቲት መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ጠፋ። መጀመሪያ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን የአየር መረጃ በመላው ዓለም ማስተላለፍ ማቆሙን በኋላ ሰማን። ደብተሩ አሁንም ላብራቶሪ ውስጥ አለ፤ እስከዚያ ቀን በቁጥር የተሞላ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ካሬ። ልጆቹ ግን ቀኑን መጻፍ አልተዉም። «ባዶም ቢሆን ባዶ መሆኑ ይመዝገብ» አሉ። እኔ አይደለሁም ያስተማርኳቸው።

እንደ ዕድል ሆኖ በራሳችን መንገድም ጀምረን ነበር። ነጭ ካርቶን ይቆረጣል፣ ቫዝሊን በስሱ ይቀባል፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ለአንድ ሳምንት ይሰቀላል፣ ከዚያ በአጉሊ መነጽር የተጣበቀው ይቆጠራል። ርካሽ ነው። (ቫዝሊኑን የገዛሁት በኪሴ ነው፤ ደረሰኙ አለ፣ የሚቀበለኝ ሰው ነው የጠፋው።) ኦሮሚያ ክልል ካሉት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ አዲስ አበባን ከብበው ወይም የአዳማን መንገድ ይዘው የተሰለፉ ናቸው፤ የእኛም ልጆች ዘመዶች እንዲሁ። ስለዚህ ካርዶቹን በዘመድ ላክን። ገላን አክስት ጋ፣ ዱከም አጎት ጋ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ በዚህ በኩል ደግሞ ሰበታና ሆለታ። ሦስት ዙር፦ ጥቅምት፣ ጥርና ሚያዝያ። የክልሉን አየር አዝማሚያ በካርቶን ለማየት መሞከር ሊያስቅ ይችላል። ይሳቅ።

ደግሞም ያስቃል። ሞጆ ያሉት የአንዲት ተማሪያችን አያት ካርዱ ሲደርሳቸው ቫዝሊኑን አንስተው የተሰነጣጠቀ ተረከዛቸውን ተቀቡበት። አንዱን ዶሮ ወሰደው። የራሳችንን ግቢ ካርድ ደግሞ የበሩ ጋሼ «ቆሽሾባችሁ ነው» ብለው በሶፍት ጥርግ አድርገው፣ አጽድተው መለሱልን። ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልን አልን። ከሦስቱ ዙር በሥርዓቱ ተሟልቶ የተመለሰው የጥር ወሩ ብቻ ነው።

ቢሆንም ያገኘነውን ልናገር። በጥር ወሩ ዙር የእኛ ግቢና የገላን ካርድ ጠቁረው መጡ። የሆለታው ደግሞ ቀይ አፈር ለብሶ ነበር፣ ካርዱ የተሰቀለው ጥርጊያ መንገድ ዳር ነውና። ሲሚንቶ የሚያመላልስ የአንድ ልጅ ወንድም መኪናው ጋቢና ውስጥ የሰቀለው ግራጫ ዱቄት ሆኖ ተመለሰ። ቀለሙን አይቶ ምንጩን መገመት ልጆቹ እንደ ጨዋታ ያዙት። ጥቁሩ ከናፍጣ፣ ከከሰልና ከቦይለር የወጣ ጥላሸት ይሆናል፤ ቀዩ አፈር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። የእኛ አገር መብራት የሚመጣው በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ፣ ጭሱ እንደ ሌላው ዓለም በከሰል ከሚሠራ የኃይል ማመንጫ አይደለም። ከቦይለር፣ ቆራሌ የሰበሰበውን ብረት ከሚያቀልጠው ምድጃ፣ ከሲሚንቶ እቶን፣ መብራት ሲጠፋ ከሚነሳው ጄኔሬተር፣ ከአሮጌ መኪና፣ ደግሞም ከየቤታችን ምጣድ ሥር ነው።

ካርዱ የማይችለውም አለ። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ባለበት በኩል ያለፈ ሰው የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለውን ሽታ ያውቀዋል። ፀጉሩን ከቆዳው ለማንሳት ሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል በውሃ በጥብጠው ይጠቀማሉ፤ ያ ውሃ አሲድ ካለበት ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዝ ቫዝሊን ላይ አይጣበቅም። በአይሲቲ ክፍል ሴንቲኔል 5ፒ የተባለው የአውሮፓውያን ሳተላይት የሚያነሳውን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣ ጋዝ ነው) ካርታ ለማየት ሞክረናል። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋርጦ በአራተኛው ተከፈተ። አዲስ አበባ ጎልታ ትታያለች። ግን አንዱ ነጥብ ኪሎሜትሮችን የሚሸፍን ስለሆነ ከዚያ ውስጥ የእኛ ሰፈር ተለይቶ አይወጣም።

አንዳንድ ወላጅ «ልጄን ፋብሪካ ላይ ታነሳሱብኛላችሁ» ብሎ ቢሮ ድረስ መጥቷል። በትህትና መልሻለሁ፣ አሁንም እመልሳለሁ። ከክበቡ ልጆች የብዙዎቹ አባትና እናት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። እኛ ለካን እንጂ አልከሰስንም። ለጉብኝት የጻፍንለት አንድ ድርጅት ከበር መልሶናል፤ ደብዳቤያችን ደብዳቤ ይጎድለዋል ተባልን። ሌላው አስገባን። መሐንዲሱ የአቧራ ማጣሪያውን ከፍቶ አሳየን። ከሰው የሚረዝሙ የጨርቅ ከረጢቶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፣ አየሩ በጨርቁ ያልፋል፣ አቧራው ውጭውን ይቀራል፣ ከዚያ በታመቀ አየር ይራገፋል። በዚያው ፈረቃ ላይ የነበረ የአንድ ልጃችን አባት በቱታው መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ልጁ አፍሮ ዞር አለ። አባትየው ግን «መጀመሪያ የምንስበው እኛ ነን፣ ጠይቁ፣ ደህና አድርጋችሁ ጠይቁ» አለ። ከዚያ ልጁ ራሱ ከረጢቱ በስንት ጊዜ እንደሚቀየር ጠየቀ።

አሁን ወደ መናገሻ ሱባ ልሂድ፤ ይህን ዘገባ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ፣ አንድ ቅጥቅጥ ተከራይተን ወጣን። ግማሹን ገንዘብ ልጆቹ አዋጡ። በሰበታ አድርገን ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣን። ሐሳቤ ቀላል ነበር። የዛፍ ሽበት የምንለው፣ ጽድ ላይ እንደ ጺም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር፣ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ነው። ሥር የለውም። የሚበላውንም የሚጠጣውንም ከአየርና ከዝናብ ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ በተለይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያለበት ጭስ ቶሎ ይገድለዋል። መሣሪያ ለሌለው ክበብ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። መንገድ ላይ እየቆምን የየሰፈሩን ዛፍ አየን። ቃሊቲ ምንም። ሰበታ አስፋልት ዳር ምንም። ጫካው ውስጥ ስንገባ ግን ከጽዱ ቅርንጫፍ ሁሉ ተንጠልጥሏል።

«ቲቸር፣ ዛፉ ሸብቷል!» አለ አንዱ።

«የእኛ ሰፈሮቹ ታዲያ ለምን ጥቁር ፀጉር ሆኑ?» አለ ሌላው።

«ሂና ተቀብተው ነዋ፣ በጥላሸት!»

ተሳቀ። ጉሬዛዎቹ ሸሹ። እኔም ደስ ብሎኝ ንግግሬን ጀመርኩ፤ ጭስ ባለበት ሽበት የለም፣ ሽበት ባለበት ጭስ የለም፣ አያችሁ አይደል። ይህን ስል አንዲት የ9ኛ ሐ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿን ያልሰማሁት፣ ጫካ መሃል ቆማ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ግን ይበርዳል እኮ።»

«እና?»

«ጉምም አለ። እኛ ጋ ዝቅ ያለ ነው፣ ይሞቃል። ደግሞ እዚያ ያየነው ባህር ዛፍ ነው፣ ባህር ዛፍ ቅርፊቱን ይጥላል፣ ምን ይበቅልበታል? ጭሱ ነው ያጠፋው ለማለት ከፍታው እንደ እኛ ሰፈር የሆነ፣ ጽድ ያለበት፣ ፋብሪካ የሌለበት ቦታ ማየት አለብን።»

ዝም አልኩ። ማነጻጸሪያ የሚለውን ቃል 19 ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ለፈተና አስጠንቼ፣ አርሜያለሁ። የማስተምረውን ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ፣ ያውም እኔኑ ሲያርመኝ፣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጉሬዛ የማይ መስዬ ትንሽ ፊቴን አዞርኩ።

ለማነጻጸሪያው ጉዞ ገንዘብ ጠየቅን። የክበባት በጀት አልቋል ተባለ። የእግር ኳስ ክበባችን በዚያው ወር አዲስ ማሊያ ለበሰ፤ ያምራል፣ እውነቴን ነው። ቅናት አይደለም። ትንሽ ነው።

ልጅቷ አልጠበቀችንም። ለፋሲካ ከእናቷ ጋር ከዱከም ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቷ ቀዬ ሄዳ፣ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ካሉት ጽዶች ሦስቱን መረጠች። ግንዳቸውን በክር ለካች፣ በደረቷ ከፍታ ዙሪያውን አየች። ተመልሳ ደግሞ የእኛን ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጽዶች እንዲሁ አደረገች። ደብተሯን ይዛ መጣች፣ ክሩ ገጹ ውስጥ ተጠቅልሎ። የገጠሩ፦ «የሚንጠለጠል ሽበት የለም። ጠፍጣፋ ግራጫ ነጠብጣብ አለ፣ በሦስቱም ላይ።» የእኛ፦ «ምንም።» ከሥሩ በቀይ እስክሪፕቶ አስምራ «ሦስት ዛፍ ትንሽ ነው፣ ለመወሰን አይበቃም» ብላለች።

ስለዚህ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ)፣ ለዳይሬክተራችንና ለቀድሞ ተማሪዎች የምጠይቀው ይኸው ነው። ለሁለት ቀን አንድ ቅጥቅጥ፣ ሦስቱ ዛፎች ሠላሳ እንዲሆኑ። ከአንድ ደህና ስማርት ስልክ ዋጋ የማይበልጥ አንድ የብናኝ መለኪያ፣ ባዶዎቹ ካሬዎች እንዲሞሉ። ዋሽንግተንም ዱባይም ያላችሁ ልጆቻችን፣ ለጉምሩክ የሚሆነውን ደብዳቤ እኛ እንጽፋለን፤ ደብዳቤ መጻፍ ዘንድሮ በደንብ ለምደናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አዋጅ 300/1995 ደግሞ ብክለት ያየ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ ባይነካውም፣ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ልጆቹ ሁለቱንም ጽፈው ላብራቶሪው በር ላይ ለጥፈዋል። አቤት ለማለት ግን ቁጥር ያስፈልጋል።

የክረምት ካርዶች ተቀብተው ተዘጋጅተዋል፣ ከላብራቶሪ ቴክኒሻኗ ይወሰዳሉ። ጅማ፣ ነቀምቴ፣ ሻሸመኔ ወይም መተሐራ ዘመድ ያለው ተማሪ ሲሄድ ይዞ ይሂድ። ጣሪያ ሥር ይሰቀል፣ ዶሮ የማይደርስበት ቦታ። አያት ካሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩልን፣ ለተረከዝ አይደለም።